አራት ቃላት ያስነሱት ክርክር፡- የመናገር ነፃነትና የዘር መድልዎ ሕግ በአውስትራሊያ

«ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች» የሚለው አባባል ንግግር በሰው ልጅ ክብር ላይ ሊያደርስ የሚችለውን ጉዳት አባቶች አስቀድመው የተረዱት መሆኑን ያመለክታል፡፡ «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ሌላው አባባል ደግሞ አንደበትን መቆጠብ ከጸጸት እንደሚያድን ይመክራል፡፡ ይሁን እንጂ ለአንድ ግለሰብ መልካም የሆነው ምክር ለአገር ሁልጊዜ አይበጅም፡፡ ዜጎቹ ሁሉ ዝምታን የመረጡበት አገር ጉድለቱን የሚነግረው አያገኝም፡፡ በዚህም የተነሣ ሰብዓዊ ክብርን የሚያዋርድ ንግግር በሕግ የሚገደበው እስከ ምን ድረስ ነው የሚለው ጥያቄ ሕግ አውጪዎችንና አስፈጻሚዎችን በየዘመኑ ሲያከራክር ቆይቷል፡፡

ጥያቄው በይፋና ለረጅም ጊዜ ካከራከራቸው አገሮች አንዷ አውስትራሊያ ናት፡፡ በአገሪቱ የዘር መድልዎ ሕግ ውስጥ የሚገኙ አራት ቃላት ከ2011 እስከ 2017 ባሉት ዓመታት አራት ጠቅላይ ሚኒስትሮች በተፈራረቁበት ጊዜ ምክር ቤቱን፣ ፍርድ ቤቶችን፣ መገናኛ ብዙኃንንና ሕዝቡን አነጋግረዋል፡፡ የክርክሩ ሂደትና ውጤት ተመሳሳይ ሕግ ላላቸው አገሮች፣ በተለይም ሕግን በየዕለቱ ለሚያስፈጽሙ የመንግሥት ሠራተኞች ጠቃሚ ትምህርት ይዟል፡፡ (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ክንውኖች የተጠቀሱት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፡፡)

የሕጉ አመጣጥ

አውስትራሊያ በ1901 በፌዴሬሽን ስትቋቋም ካወጣቻቸው ቀዳሚ ሕጎች አንዱ ነጭ ያልሆኑ ሰዎች ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ ለመከልከል ያገለገለው የኢሚግሬሽን ገደብ ሕግ ነበር፡፡ «ነጭ አውስትራሊያ» በሚል መጠሪያ የሚታወቀው ይህ ፖሊሲ ቀስ በቀስ እየላላ ሄዶ በ1973 በጠቅላይ ሚኒስትር ጎፍ ዊትላም መንግሥት ጨርሶ ተወግዷል፡፡

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ ማንኛውንም ዓይነት የዘር መድልዎ ለማስወገድ የሚደነግገውን ዓለም አቀፍ ስምምነት የተቀበለው ዲሴምበር 21 ቀን 1965 ነው፡፡ አውስትራሊያ ይህን ስምምነት በ1975 አጽድቃ በዚያው ዓመት የዘር መድልዎ ሕጓን አወጣች፡፡ ሕጉ በሥራ ቅጥር፣ በመኖሪያ ቤት፣ በመሬትና በሕዝባዊ አገልግሎቶች ዘርን፣ ቀለምን ወይም የትውልድ አገርን መሠረት ያደረገ ልዩነት እንዳይደረግ ይከለክላል፡፡

ሕጉ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አልነበረም፡፡ የኩዊንስላንድ ግዛት መንግሥት የአገሬው ነባር ሕዝቦች የሆኑ አቦርጂኖች የከብት ርቢ መሬት በኪራይ እንዳይዙ በመከልከሉ ክርክር ተነሥቶ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት በ1982 ሕጉ ሕገ መንግሥታዊ መሆኑን አረጋግጧል፡፡ ለዘመናት ከመሬታቸው ተነቅለው ለኖሩ ሕዝቦች ይህ ውሳኔ ታላቅ ትርጉም ነበረው፡፡

ስለ ንግግር የሚመለከተው ክፍል ግን በመጀመሪያው ሕግ ውስጥ አልነበረም፡፡ ዓለም አቀፉ ስምምነት በአንቀጽ 4 የዘር የበላይነትንና ጥላቻን የሚያሰራጭ ንግግር በወንጀል እንዲያስቀጣ አባል አገሮችን ቢጠይቅም አውስትራሊያ በዚህ አንቀጽ ላይ ተዐቅቦ አድርጋ ነበር፡፡ ጉዳዩ እንደገና የተነሣው በ1991 በዘር ላይ የተመሠረተ ጥቃትንና በእሥር ላይ እያሉ የሞቱ አቦርጂኖችን የሚመለከቱ ሁለት ትላልቅ የምርመራ ሪፖርቶች ይፋ ከሆኑ በኋላ ነው፡፡ ሪፖርቶቹን ተከትሎ የጠቅላይ ሚኒስትር ፖል ኪቲንግ መንግሥት ባቀረበው ረቂቅ ውስጥ የወንጀል ድንጋጌዎች ተካተው ነበር፤ ሴኔቱ ግን እነዚህን አውጥቶ የፍትሐ ብሔር ክፍሉን ብቻ በ1995 አጸደቀ፡፡

አንቀጽ 18ሲ እና 18ዲ

በ1995 የተጨመረው አንቀጽ 18ሲ አንድ ሰው በዘሩ፣ በቀለሙ ወይም በብሔራዊ ወይም በጎሣ ምንጩ ምክንያት በአደባባይ የሚፈጸምበት ድርጊት ያን ሰው ወይም ወገኑን «የሚያስቀይም፣ የሚዘልፍ፣ የሚያዋርድ ወይም የሚያስፈራራ» ከሆነ ሕገ ወጥ እንደሚሆን ይደነግጋል፡፡ ክርክሩን ያስነሱት አራት ቃላት እነዚህ ናቸው፡፡

ተከታዩ አንቀጽ 18ዲ ደግሞ ከዚህ ክልከላ ውጪ የሆኑትን ይዘረዝራል፡፡ በአግባቡና በቅን ልቦና እስከተደረገ ድረስ የሥነ ጥበብ ሥራ፣ የትምህርትና የሳይንስ ውይይት፣ ለሕዝብ ጥቅም የሚደረግ ክርክር፣ ትክክለኛ ዘገባ እንዲሁም በእውነተኛ እምነት ላይ የተመሠረተ ሚዛናዊ አስተያየት በሕጉ አይጠየቅም፡፡

ድንጋጌው የፍትሐ ብሔር በመሆኑ እሥራትን አያስከትልም፡፡ ቅሬታ ያለው ሰው በቅድሚያ የሚያመለክተው ለአገሪቱ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን ሲሆን፣ ኮሚሽኑም ሁለቱን ወገኖች ለማስማማት ይሞክራል፡፡ ይህ ሳይሳካ ሲቀር ነው ጉዳዩ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት የሚያመራው፡፡ ፍርድ ቤቱ ጥፋት ካገኘ ይቅርታን፣ እርማትን ወይም ካሣን ሊያዝ ይችላል፡፡

«የሚያስቀይም» የሚለው ቃል እጅግ ሰፊ ነው የሚል ሥጋት ገና ከመነሻው ነበር፡፡ ይሁን እንጂ ኋላ የአገሪቱ ጠቅላይ ዳኛ ለመሆን የበቁት ሱዛን ኪፌል በ2001 በሰጡት ፍርድ ድንጋጌው ጥልቅና ከባድ ውጤት ያላቸውን ድርጊቶች እንጂ ተራ መቀያየምን እንደማይመለከት አስረድተዋል፡፡ ከዚያ ወዲህ ፍርድ ቤቶች ይህንኑ ትርጓሜ እየተከተሉ መጥተዋል፡፡ በ2002 ናዚዎች በአይሁዶች ላይ የፈጸሙትን የዘር ማጥፋት በሚክድ ድረ ገጽ ላይ የተሰጠው ውሳኔና በቀጣዩ ዓመት ይግባኝ ሰሚው ችሎት ድንጋጌው ሕገ መንግሥታዊ ነው በማለት ያሳለፈው ፍርድ ተጠቃሾች ናቸው፡፡

ክርክሩን ያቀጣጠለው ፍርድ

ድንጋጌው ለ16 ዓመታት ያህል ብዙም ሳያነጋግር ከቆየ በኋላ በ2011 የመላው አገሪቱ መወያያ ሆነ፡፡ ታዋቂው የጋዜጣ ዓምደኛ አንድሩ ቦልት በ2009 ባወጧቸው ጽሑፎች ቆዳቸው ነጣ ያሉ አንዳንድ ሰዎች ለጥቅም ሲሉ ራሳቸውን አቦርጂን ብለው ይጠራሉ የሚል አስተያየት አስፍረው ነበር፡፡ ስማቸው በጽሑፎቹ የተነሣ ዘጠኝ ሰዎች ማንነታቸው በአደባባይ መዋረዱን በመግለጽ ለፌዴራል ፍርድ ቤት አቤቱታ አቀረቡ፡፡

ዳኛ ሞርደካይ ብሮምበርግ ሴፕቴምበር 28 ቀን 2011 በሰጡት ፍርድ ጽሑፎቹ አንቀጽ 18ሲን መጣሳቸውን አረጋገጡ፡፡ ዓምደኛው የአንቀጽ 18ዲ ጥበቃ ያልተደረገላቸው ርዕሰ ጉዳዩን በማንሣታቸው እንዳልሆነ ዳኛው ግልጽ አድርገዋል፡፡ ጽሑፎቹ የፍሬ ነገር ስሕተት፣ የተጣመመ እውነትና ቆስቋሽ አነጋገር የተሞሉ በመሆናቸው «በአግባቡና በቅን ልቦና» የሚለውን መመዘኛ አላሟሉም፡፡ ከሳሾቹ ካሣ ያልጠየቁ ሲሆን፣ ጋዜጣው የእርማት ማስታወቂያ እንዲያወጣ ታዟል፡፡

ፍርዱ ሕዝቡን ለሁለት ከፈለ፡፡ አንደኛው ወገን በጋዜጠኛ ሐሳብ ላይ ዳኛ መፍረድ የለበትም፣ መጥፎ ሐሳብ የሚሸነፈው በተሻለ ሐሳብ እንጂ በፍርድ ቤት ትእዛዝ አይደለም ሲል ተቃወመ፡፡ ሌላው ወገን ደግሞ የሚዘለፈው ሰው እንደ ዓምደኛው ሰፊ ገጽና ብዙ አንባቢ ስለሌለው በሐሳብ ገበያው ላይ እኩል ሆኖ ሊከራከር እንደማይችል በመግለጽ ሕጉን ደገፈ፡፡ በአውስትራሊያ ሕገ መንግሥት የመናገር ነፃነት በግልጽ ባለመደንገጉና ጥበቃው በአብዛኛው በዳኞች ትርጓሜ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ የመጀመሪያው ወገን ሥጋት መሠረት አልነበረውም ለማለት አይቻልም፡፡

ሁለት የማሻሻያ ሙከራዎች

የወቅቱ የተቃዋሚዎች መሪ ቶኒ አቦት አንቀጹን በነበረበት ይዘት እንደሚሽሩ ቃል ገብተው የ2013ቱን ምርጫ አሸነፉ፡፡ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጋቸው ጆርጅ ብራንዲስ ማርች 24 ቀን 2014 በሴኔቱ ለቀረበላቸው ጥያቄ ሲመልሱ ሰዎች ጭፍን ጥላቻ የመያዝ መብት እንዳላቸው ተናገሩ፡፡ ጥያቄውን ያቀረቡት ለፌዴራሉ ፓርላማ በመመረጥ የመጀመሪያዋ የአቦርጂን ተወላጅ ሴት የሆኑት ሴናተር ኖቫ ፔሪስ ነበሩ፡፡ ንግግሩ ከማግሥቱ ጀምሮ ከረቂቅ ሕጉ ይልቅ የክርክሩ ማዕከል ሆነ፡፡

ረቂቁ ከአራቱ ቃላት ውስጥ «የሚያስፈራራ» የሚለውን ብቻ ይዞ ጥላቻን መቀስቀስን የሚከለክል ጠባብ ድንጋጌ ይጨምር ነበር፡፡ በአንጻሩ የፖለቲካ፣ የማኅበራዊ፣ የባህልና የሃይማኖት ውይይትን ሁሉ ከክልከላው ነፃ ሲያደርግ የቅን ልቦና መመዘኛውን አስቀርቷል፡፡ ይህን በመቃወም የአቦርጂን፣ የአይሁድ፣ የግሪክ፣ የቻይና፣ የአረብና የሌሎች ማኅበረሰቦች ድርጅቶች በአንድ ድምፅ ተሰለፉ፡፡ በሌላ ጉዳይ እምብዛም የማይስማሙ ወገኖች በዚህ መግባባታቸው መንግሥትን አሳሰበው፡፡ ሚስተር አቦትም ኦገስት 5 ቀን 2014 ማሻሻያው ለብሔራዊ አንድነት ሲባል መተዉን አስታወቁ፡፡

ጥያቄው ዳግም የተነሣው በብሪዝበን ከተማ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ በተከሰተ ጉዳይ ነው፡፡ በ2013 አንድ ተማሪ ለነባር ሕዝቦች ተማሪዎች ከተለየ የኮምፒዩተር ክፍል እንዲወጣ ከተደረገ በኋላ ተማሪዎች በፌስቡክ አስተያየቶች ጻፉ፡፡ አንድ የተቋሙ ሠራተኛም በቀጣዩ ዓመት ለኮሚሽኑ ቅሬታ አቀረቡ፡፡ ተማሪዎቹ ቅሬታ እንደቀረበባቸው የሰሙት ከዓመት በላይ ዘግይተው ሲሆን፣ ከመካከላቸው ገንዘብ ከፍለው ጉዳዩን የዘጉ እንደነበሩ በወቅቱ ተዘግቧል፡፡ ፍርድ ቤት የቀሩትን ተማሪዎች ከክሱ ነፃ ያደረጋቸው በኖቬምበር 2016 ነው፡፡

በዚህ ጉዳይ የተጎዳው አንድ ወገን ብቻ አልነበረም፡፡ ተማሪዎቹ ስማቸው ከዘረኝነት ጋር ተያይዞ በወጣትነት ዕድሜያቸው ለዓመታት ሲንገላቱ፣ ቅሬታ አቅራቢዋም ያነሱት ጥያቄ ፈጣን መልስ አጥቶ የፖለቲካ መሣሪያ ሲሆን ተመልክተዋል፡፡ የምክር ቤቱ የሰብዓዊ መብት ኮሚቴ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2017 ባቀረበው ሪፖርት አባላቱ በአንቀጽ 18ሲ ቃላት ላይ መስማማት እንዳልቻሉ ገልጾ፣ የቅሬታ አቀራረቡና የምርመራው ሥርዓት ግን መሻሻል እንዳለበት አሳሰበ፡፡

የጠቅላይ ሚኒስትር ማልኮም ተርንቡል መንግሥት በማርች 2017 «የሚያስቀይም፣ የሚዘልፍ፣ የሚያዋርድ» የሚሉትን ቃላት «የሚያዋክብ» በሚል ለመተካት ያቀረበውን ሐሳብ ሴኔቱ 31 ለ28 በሆነ ድምፅ ውድቅ አደረገው፡፡ የሥነ ሥርዓት ማሻሻያው ግን ጸደቀ፡፡ በዚህም መሠረት ኮሚሽኑ የስኬት ተስፋ የሌላቸውን ቅሬታዎች በጊዜ እንዲዘጋ ግዴታ ተጣለበት፡፡ በዚህ መንገድ የተዘጋ ቅሬታን ወደ ፍርድ ቤት ለመውሰድም የፍርድ ቤቱ ፈቃድ እንዲያስፈልግ ተደረገ፡፡

ለስድስት ዓመታት ያህል የተካሄደው ክርክር በአራት ቃላት ላይ ያተኮረ ሆኖ ሳለ፣ በመጨረሻ የተለወጠው ከቃላቱ አንዱም ሳይሆን የአሠራር ሥርዓቱ ነው፡፡ ተማሪዎቹን ያንገላታቸውም የሕጉ ቃል ብቻ አልነበረም፤ ቅሬታው ሳይጣራና ሳይነገራቸው ረጅም ጊዜ መቆየቱ ነበር፡፡

ድንጋጌው ከዚያም በኋላ ሥራ ላይ ውሏል፡፡ የፌዴራል ፍርድ ቤት ኖቬምበር 1 ቀን 2024 በሰጠው ፍርድ ሴናተር ፖሊን ሐንሰን በ2022 ሴናተር ሜህሪን ፋሩቂን ወደ ፓኪስታን እንዲመለሱ በመንገር በማኅበራዊ ሚዲያ ያሰፈሩት መልእክት አንቀጽ 18ሲን የጣሰ መሆኑን ወስኗል፡፡ ሴናተር ሐንሰን በውሳኔው ላይ ይግባኝ ጠይቀዋል፡፡ በሜልቦርንና በሌሎች ከተሞች ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ጭምር ሕጉ ይህን መሰል ዘለፋ ሲደርስባቸው አቤት የሚሉበት መንገድ ነው፡፡

የሌሎች አገሮች ልምድ

አገሮች መሥመሩን በተለያየ ቦታ አስምረዋል፡፡ የዩናይትድ ስቴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1969 በሰጠው ፍርድ አንድ ንግግር የሚያስቀጣው ወዲያውኑ የሚፈጸም ሕገ ወጥ ድርጊትን ለመቀስቀስ የታለመና ይህንኑ ሊያስከትል የሚችል ሲሆን ብቻ ነው የሚል ጥብቅ መመዘኛ አስቀምጧል፡፡ ብሪታንያ በበኩሏ በ1965 የዘር ጥላቻን መቀስቀስ ወንጀል እንዲሆን ደንግጋለች፡፡ ካናዳ ደግሞ የወንጀል ድንጋጌዋን እንደያዘች በሰብዓዊ መብት ሕጓ ውስጥ የነበረውን የጥላቻ መልእክት ድንጋጌ ለመሻር በ2013 ወስናለች፡፡

በተባበሩት መንግሥታት ድጋፍ በ2012 በሞሮኮ ርዕሰ ከተማ የተዘጋጀው የራባት የድርጊት መርሐ ግብር አንድን ንግግር በወንጀል ከመጠየቅ በፊት ስድስት ነጥቦች እንዲመዘኑ ያመለክታል፡፡ እነርሱም የንግግሩ ዐውድ፣ የተናጋሪው ማንነትና ተደማጭነት፣ ሐሳቡ ወይም ዓላማው፣ ይዘቱና አቀራረቡ፣ የሥርጭቱ ስፋትና ጉዳት የማድረስ ዕድሉ ናቸው፡፡

የአገራችን ሕግ

ኢትዮጵያ የዘር መድልዎን ለማስወገድ የወጣውን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1976 ተቀብላለች፡፡ የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 የአመለካከትና ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ሲያረጋግጥ፣ ነፃነቱ በሐሳቡ ይዘትና ሊያስከትል በሚችለው ውጤት ምክንያት እንደማይገደብ ይደነግጋል፡፡ ይኸው አንቀጽ የወጣቶችን ደኅንነትና የሰዎችን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ የሕግ ገደብ ሊደነገግ እንደሚችል፣ የጦርነት ቅስቀሳና ሰብዓዊ ክብርን የሚነኩ የአደባባይ መግለጫዎችም በሕግ እንደሚከለከሉ ያስቀምጣል፡፡

በዚሁ መሠረት የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወጥቷል፡፡ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጁን በየካቲት ወር 2012 ዓ.ም. በአብላጫ ድምፅ ሲያጸድቅ 23 አባላት ተቃውመውታል፡፡ ረቂቁ ከመጽደቁ በፊት አገሪቱን የጎበኙት በተባበሩት መንግሥታት ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት ልዩ ራፖርተር ዴቪድ ኬይ የትርጓሜው ስፋትና የወንጀል ቅጣቱ እንደሚያሳስባቸው ገልጸው ነበር፡፡

የአዋጁ አቀራረብ ከአውስትራሊያው በሁለት ነገር ይለያል፡፡ በአንድ በኩል የሚከለክለው ማስቀየምን ሳይሆን በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በፆታ ወይም በአካል ጉዳተኝነት ላይ ተመሥርቶ ሆን ተብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሣሣ ንግግርን ነው፡፡ በዚህ ረገድ መመዘኛው ከፍ ያለ ነው፡፡ በሌላ በኩል ውጤቱ የወንጀል ቅጣት በመሆኑ ጥፋተኛው እስከ ሁለት ዓመት እሥራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ሊወሰንበት ይችላል፡፡ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከተፈጸመ እሥራቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ይደርሳል፡፡ ሁከት ወይም ጥቃት ያልተከተለ እንደሆነ ፍርድ ቤቱ የግዴታ ማኅበረሰባዊ አገልግሎትን በአማራጭነት ሊወስን ይችላል፡፡

እንደ አውስትራሊያው አንቀጽ 18ዲ ሁሉ አዋጁም የትምህርትና የሳይንስ ምርምርን፣ የዜና ዘገባን፣ ትንታኔንና የፖለቲካ ትችትን፣ የኪነ ጥበብ ሥራን እንዲሁም በቅን ልቦና የሚሰጥ የሃይማኖት ትምህርትን ከክልከላው ውጪ አድርጓል፡፡ አንድን ቅሬታ ወይም ጥቆማ የሚቀበል መርማሪ፣ ዐቃቤ ሕግ ወይም የተቋም ኃላፊ የክልከላውን አንቀጽ ብቻ አንብቦ የልዩ ሁኔታዎቹን ዝርዝር ቢዘል የሕጉን ግማሽ ብቻ እንደተገበረ ይቆጠራል፡፡

ለአስፈጻሚው ምን ትምህርት ይገኛል?

ከአውስትራሊያው ክርክር ሦስት ቁም ነገሮችን መውሰድ ይቻላል፡፡ አንደኛ፣ ተገልጋይን ወይም ባለሥልጣንን ያስከፋ ንግግር ሁሉ ሰብዓዊ ክብርን የሚነካ ወይም ጥላቻን የሚያነሣሣ አይደለም፡፡ በመንግሥት አሠራር ላይ የሚቀርብ ጠንካራ ትችት ከዘር ዘለፋ ጋር ሊምታታ አይገባውም፡፡ ሁለተኛ፣ በማንነቱ ምክንያት በአደባባይ የተዋረደ ሰው አቤቱታ እንደ ተራ ቅሬታ ታይቶ ሊገፋ አይገባም፡፡ በብሪዝበን ለተማሪዎቹም ሆነ ለቅሬታ አቅራቢዋ የጎደለው በጊዜ የሚሰጥ መልስ ነበር፡፡

ሦስተኛውና ዋነኛው ደግሞ የሕግ ቃል የቱንም ያህል ተመርጦ ቢጻፍ በአፈጻጸም ካልታገዘ ዓላማውን የማይመታ መሆኑ ነው፡፡ ቅሬታ ሲቀርብ የቀረበበት ሰው ወዲያውኑ እንዲያውቅ ማድረግ፣ ፍሬ የሌለውን በጊዜ መዝጋት፣ ከባዱን ከቀላሉ መለየትና የውሳኔን ምክንያት በጽሑፍ ማስፈር የምክር ቤት ድምፅ የማይጠይቁ፣ በየቢሮው ሊፈጸሙ የሚችሉ ተግባራት ናቸው፡፡ የተዋረደው ሰው ፍትሕ ማግኘቱ፣ ተቺውም ያለ ሥጋት መናገር መቻሉ በእጅጉ የሚመካው አቤቱታውን በመጀመሪያ በሚቀበለው የመንግሥት ሠራተኛ ጥንቃቄ ላይ ነው፡፡